ለበጉ የተሠራው ፕሮግራም

አቶ ናሆም በተቀበሩ ማግስት የቤታቸው ግድግዳ «አላችሁ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። «አለን» ያለው ሰው አልነበረም። በአራተኛው መጠየቁን ትቶ መቁጠር ጀመረ።

ቆጠራው ምን እንደሆነ የማያውቅ የብሎክ 214 ነዋሪ የለም። ግድግዳውን ሰው የማያይለት ቤት ባዶ ቤት ነው፤ ባዶ ቤት ደግሞ ለተረኛ ይሰጣል። የሚታገሡት ሦስት ቀን ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው ጠይቄ የነገረኝ አላገኘሁም። ሁሉም «ውሉ ላይ አለ» ይላል፤ ውሉን ያነበበ ግን አልገጠመኝም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፍኩ አላነበብኩትም። ዲግሪያቸውን ሳሎን የሰቀሉት ጎረቤቶቼ ለምን እንዳላነበቡት እነሱ ያውቃሉ።

ዱሮ፣ ጣሪያው ሁሉ በዲሽ ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን፣ እኔ ዲሽ ሠራተኛ ነበርኩ። ቆርቆሮ ላይ በሆዴ ተኝቼ ሳህኑን ቀስ እያልኩ አዞረዋለሁ፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ ባለቤትየዋ በመስኮት አንገቷን አውጥታ እየጮኸች ትመልስልኛለች።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጣ መጣ! ኧረ ሄደ! ምን ነካህ አንተ ሰው!»

የማን ቤት ምን እንደሚያይ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ጎል ሊገባ ሲል ዝናብ ይመጣና ምስሉ ይቆራረጣል፤ ያኔ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ እናቴን ይሰድባል። አንድ ክረምት የብሎክ 209ን ዲሽ ወደ ጥቁር ደመና አዙሬ ሦስት ቀን ሙሉ የነገውን ዜና ያሳየሁ እኔ ነኝ። የማያምን ይተወው፤ ያዩት ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ።

ከዚያ ግድግዳውን ራሱን ቴሌቪዥን ያደረገው «ቀጥል» መጣ። ዲሹ ከጣሪያ ወርዶ በርበሬ ተሰጣበት፣ ልብስ ታጠበበት፤ ገመዱም ልብስ ማስጫ ሆነ። ሰው ሁሉ ተገላገልን አለ። ዝናብ አያቋርጠው፣ ባልና ሚስት በሪሞት አይጣሉ። «ቀጥል» ከፊቱ ብዙ የሚቀመጠውን ሰው ያጠናውና ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ይሠራለታል። ሦስተኛ ፎቅ ያለው የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሰዎች ተሰብስበው ስለ እሱ ሲከራከሩና መጨረሻ ላይ እሱ ልክ እንደነበር ሲስማሙ ማየት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ አማቷ ይቅርታ ሲጠይቋት ታያለች። አንድ ሺህ አራት መቶኛው ክፍል ላይ ደርሳለች፤ አማቷ ገና አልጨረሱም። የእኔን አትጠይቁኝ።

ሰው ሰው ቤት መሄድ ተወ። የሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ምን ይታያል? አማቷ ይቅርታ ሲጠይቁ ለአንተ ምንህ ነው? የሚያገናኘን ለቅሶ ብቻ ቀረ። ለቅሶ ቤት ደግሞ አርባው እስኪወጣ ግድግዳ አይታይም። ይህን እናቶቻችን በቴሌቪዥን ዘመን ያደርጉት ነበር፣ ነጠላ ጣል ያደርጉበታል። እኛም አልተውነውም። ስንቱን ትተን ይህን ለምን እንዳልተውን አላውቅም።

እንግዲህ ችግሩ ይኼ ነው። ሐዘንተኛ አያይም። ያልታየ ቤት በሦስተኛው ቀን ይወሰዳል። ስለዚህ እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፣ ተመልካች አለው። አባል ሲሞትበት እኛ በተራ እየሄድን በሐዘንተኛው ፋንታ ግድግዳ እናያለን። የተመልካቾቹ አለቃ እኔ ነኝ። ለዚህ ሥራ የተመረጥኩት ሌላ የምችለው ስለሌለ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ባለው የረጅም ጊዜ ልምድ» ተብሎ ተጽፏል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የሟች ቤት ገባሁ። የአቶ ናሆም ባለቤት እትዬ ሶሊያና ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ኖረዋል። ግድግዳውን በጥቁር ብርድ ልብስ ሸፍነውታል።

«እግዜር ያጥናዎ» ብዬ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። «አላችሁ?» አለ ግድግዳው። «አለን» አልን።

አቶ ናሆም ብቅ አሉ።

ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸው በቅሎ፣ እዚያው ሳሎን፣ እዚያው ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ይስቃሉ። «ቀጥል» የቤቱን ሰው ማጽናናቱ ነው። «ሶሊዬ» አሉ፣ «ምን ሆነሽ ነው? ነይ እንጂ፣ ትንሽ እይኝ።»

የሚያስቀው፣ ባልደረቦቼ ወደዱት። «ውይ፣ እንዴት አምሮባቸዋል!» አለ አንደኛው ወንበሩን እያስጠጋ።

እትዬ ሶሊያና ተነሡ። ከትከሻዬ በታች የሆነች ሴትዮ እንዲህ ያለ ድምፅ ከየት እንደምታወጣ አላውቅም።

«ናሆም እንዲህ አይስቅም! ሲስቅ አፉን በእጁ ይይዝ ነበር። ጥርሱ ያሳፍረው ነበር። ዝጉት!»

«እትዬ፣ ከዘጋነው ቆጠራው…»

«ውጡ!»

«ነገ እኮ ሦስተኛው ቀን ነው።»

«ያብስራ፣ ቤቴን ከምቀማ ይልቅ ባሌን ብቀማ የሚሻል ይመስልሃል? ውጡልኝ!» አሉኝ።

ወጣን። ደረጃው ላይ ቤቱ ሲለቀቅ የሚገባው ተረኛ ፍራሹን አንጥፎ ተቀምጧል። ቅድመ አያቱ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገቡበትን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አንጠልጥሏል። ጨዋ ሰው ነው፤ ቀብርም መጥቶ ነበር። «እንዴት ናቸው? በረቱ?» አለኝ። በዚያው ትንፋሽ «ኩሽናው በስተምሥራቅ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ኢዮሲያስ በዚያው ሰዓት ስብሰባ ጠሩ። ጋሽ ኢዮሲያስ ምንም ነገር በቃለ ጉባኤ ካልተያዘ ተደረገ ብለው አያምኑም፤ የገዛ ልጃቸውን ልደት እንኳ በፊርማ ነው ያጸደቁት ይባላል። «አማራጭ ይቅረብ» አሉ።

አንዱ የሰው ፎቶ ከፊቱ እንደርድር አለ። ተሞክሯል፤ ግድግዳው ፎቶውን አይቶ ዐይን ሐኪም ጠርቶ ነበር። ሌላው ዓይነ ስውሩን አቶ ቢንያምን እናስቀምጥ አለ። አቶ ቢንያም ከጥግ ሆነው «እኔ በሰው ለቅሶ አላሾፍም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔ በመስኮት ወደ ግቢው እያየሁ ነበር። እዚያ የአቶ ናሆም በግ ታስሯል። በከተማው ለአንድ ብሎክ በዓመት አንድ በግ ነው የሚፈቀደው፤ የዘንድሮው ዕጣ የወጣው ለእሳቸው ነው። ለፋሲካ ያሉት አሁን ለተዝካር ሆነ። በጉ ቆሞ ያመሰኳል፤ የብሎኩን ግንብ ያያል፤ ዐይኑን አይሰብርም።

«ጋሽ ኢዮሲያስ» አልኩ፣ «ውሉ ዐይን ነው የሚለው ሰው?»

«ዐይን ነው የሚለው» አሉ። እሳቸውም አላነበቡትም።

በጉን አራተኛ ፎቅ አወጣነው። ሁለት ሰው ከፊት ይጎትታል፣ አንድ ሰው ከኋላ ይገፋል፣ ተረኛው ፍራሹን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀልን። ከሶፋው እግር ጋር አስሬ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። እትዬ ሶሊያና ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል።

አቶ ናሆም ብቅ አሉ። በጉ አያቸው። ሳቁለት። በጉ አመሰኳ። አንድ ቀልድ ነገሩት። በጉ አመሰኳ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ተፋጠጡ። ከዚያ የአቶ ናሆም ፊት እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ በቦታው አንድ ዘለላ ሣር በቀለ።

«ሄደ?» አሉ እትዬ ሶሊያና፣ ሳይዞሩ።

«ሄደ እትዬ። ሣር ነው።»

ቀስ ብለው ዞሩ። ሣሩን አዩት፣ በጉን አዩት። «ተባረክ» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር የብሎካችን ታሪክ ነው። በጉ ጠዋት ይነሣል፣ ያያል። ቀትር ላይ ያያል። ግድግዳው «አላችሁ?» ሲል «ባእ» ይላል፤ «እናመሰግናለን» ይባላል። ሣሩ በመጀመሪያው ቀን ሣር ብቻ ነበር፤ በሳምንቱ ጤዛ ወረደበት፤ በሁለተኛው ሳምንት ነፋስ መጣለት፤ በሦስተኛው ከሩቅ አንዲት ነጭ በግ ታየች፣ ዘወር ብላም አላየችውም፤ ይህም ለነገ እንዲጓጓ ነው መሰለኝ። «ቀጥል» የበጉን ነገር ከእኛ ይበልጥ ተረድቶት ነበር። በሃያኛው ቀን ግድግዳው ላይ ደማቅ ጽሑፍ መጣ፤ የክፍለ ከተማው ትጉህ ተመልካች፣ እንኳን ደስ አለዎት። ጋሽ ኢዮሲያስ አጨበጨቡና በቃለ ጉባኤ አስያዙት።

አንድ ቀን ከወንዝ ዳር እውነተኛ ሣር አጭጄ አመጣሁለት። አሸተተው። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና የእኔን ሣር አየ፣ ከዚያም እንደ ተማረ ሰው አንገቱን አዞረብኝ። እዚያው ተንቄ ስቆም ሦስተኛ ፎቅ ያለውን መምህር አስታወሰኝ። በግድ በእጃችን ስናጎርሰው ሰነበትን እንጂ አርባው ሳይደርስ ባለቀ ነበር።

አርባው ሲቃረብ ግን ነገሩ ከረረ። ቀኑ ፍስክ ነው፤ በግ ይታረዳል። ብሎኩ ያለው በግ አንድ ነው። በጉ ከታረደ ደግሞ ቤቱ ተመልካች የለውም፤ ግድግዳው የሚያውቀው የቤቱ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሰው ከተተካ አቶ ናሆም እንደገና ሶፋው ላይ ይመጣሉ። ተረኛውም ይህን አስልቶታል መሰለኝ፣ ፍራሹን ከሁለተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ አስጠግቷል።

ጋሽ ኢዮሲያስ እኔን ይዘው ገቡ።

«ሶሊያና፣ ስሚኝ እስቲ። ተዝካሩ በምስር ቢሆን ናሆም ይቀየማል?»

«እሱማ ምን ይቀየማል፣ ጋሼ። ሞቷል።»

«እንግዲያው!»

«እኔ ነኝ የምቀየመው። በጉን ሲገዛ ቆሜ ነበር። ጀርባውን ዳብሶ ‹ይኼ ለብሎኩ ሁሉ ይበቃል› አለኝ። ለብሎኩ ሁሉ! ማንም ቤታችን መጥቶ አያውቅም፣ እሱ ግን ስለ ብሎኩ ያስባል።»

«ቤትሽን ታጪያለሽ እኮ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሮኝ ለኖረ ሰው አንድ ቀን ሰዎች መጥተው፣ በልተው፣ ነፍሱን ይማርልሽ ብለው ይሂዱ። ሌላ አልፈልግም። ከዚያ ያ ሰውዬ ፍራሹን ይዞ ይግባ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ያብስራ፣ ስንት ሰው ይመጣል?»

«መቶ አይጎድልም፣ እትዬ።»

«መቶ ሰው» አሉ ቀስ ብለው። ያን ጊዜ ያበራ ፊታቸውን አይቻለሁ፤ ከባላቸው ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

በአርባው ቀን ማለዳ በጉ ታረደ። ሲያወጡት እንኳ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ሣሩን እያየ ነበር የሄደው። ቄሱ መጡ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ወጡ ወረደ፣ ድስቶቹ በበሩ ጥግ ተደረደሩ። ግድግዳውን በብርድ ልብሱ መልሶ የሚሸፍን አንድ ሰው መመደብ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። እውነቱን ለመናገር ረሳሁት ሳይሆን በጉ ከሌለ ግድግዳው ይጠፋል ብዬ ነበር። አልጠፋም። በጉን እየጠበቀ ሣሩን ማሳየቱን ቀጠለ።

ሰዎች መግባት ጀመሩ። በሩ ላይ ሐዘን የሚመስል ፊታቸውን አስተካክለው ይገባሉ፣ ወደ ባለቤቲቱ ሊሄዱ ሁለት እርምጃ ይራመዳሉ፣ ከዚያ ግድግዳውን ያያሉ። ይቆማሉ። ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ የመጣው መምህሩ ነበር፤ ስለ እሱ የሚከራከር ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል ብዬ ሳቅኩ። ግን አልነበረም። ሣሩ ወዝወዝ አለ፣ እሱም አፉን ከፍቶ አየ። ነርሷ መጣች፣ አየች። እነዚህ ሰዎች በዕድሜያቸው ሙሉ ለእነሱ ያልተሠራ ነገር አይተው አያውቁም ነበር። ሣሩ ስማቸውን አይጠራም። ልክ ናችሁ አይላቸውም። ለበግ ነው የተሠራው፤ እነሱ የማይፈለጉበት የመጀመሪያው ፕሮግራም ነው፤ ከዚያ በላይ የጣማቸው ነገር የለም።

ቤቱ ጢም አለ፤ መቶ ያልኩት መቶ ሠላሳ ሆነ። ቄሱ ጸሎቱን ጀምረው ነበር፤ መሐል ላይ ነጯ በግ ከሩቅ ብቅ ስትል ድምፃቸው ቀጠነ፣ ከዚያም ቆመ። ተረኛው ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ገባና ከፊት ረድፍ ተቀመጠ።

እትዬ ሶሊያና ሰሃን ይዘው በሰዉ መሐል ይዞራሉ። «ብሉ እንጂ። ናሆም ነው የጋበዛችሁ።»

አንድም እጅ ወደ ሰሃኑ አልተዘረጋም።

ጋሽ ኢዮሲያስን ትከሻቸውን ነኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ አንድ ነፍስ ይማር ይበሉልኝ።»

«እሺ ሶሊያና፣ እሺ፣ ትንሽ ቆዪ» አሉ ጋሽ ኢዮሲያስ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ፤ «ነፋሱ ሊመጣ ነው።»

ነፋሱ መጣ። መቶ ሠላሳ ሰው «ውይ!» አለ።

ቀጥሎ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። እትዬ ሶሊያና ድስቶቹን አንድ በአንድ አራት ፎቅ አወረዱ። የቀን ሠራተኞች ጋሪ ይዘው ያልፋሉ፤ አንዱን ለምነው ድስቶቹን ጫኑና ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ ሄዱ። እዚያ ግድግዳ የሌላቸው ነዳያን ተቀምጠዋል። በጉን እነሱ በሉት። የበሉትም አንድ በአንድ ቆመው «ነፍስ ይማር» አሏቸው፤ አንዲት አሮጊት «ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። ከቀብር ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ሲስቅ አፉን ስለሚይዘው ሰውዬ ሲያወሩ ዋሉ ይባላል።

ቤት ውስጥ ያለነው መሄዳቸውን ያወቅነው ሲርበን ነው። ዞር ብለን ድስት ፈለግን፣ የለም። መምህሩ «ይህማ ንቀት ነው» አለ። ትንሽ ተቆጣንና ተመልሰን አየን።

ቤቱ አልተወሰደም። እንዴት ይወሰዳል? በክፍለ ከተማው ውስጥ እንደ እሱ የሚታይ ቤት የለም። ከሌሎች ብሎኮች ምግባቸውን ቋጥረው እየመጡ ነው። የሰዉ ብዛት ግድግዳውን ግራ ስላጋባው ለማንም ፊት መሥራት አልቻለም፤ ሣሩን ብቻ ማሳየቱን ቀጥሏል።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ሶሊያና ሰንዳፋ እህታቸው ዘንድ መሆናቸውን ሰማሁና ጠዋት ተነሥቼ ሄድኩ። በር ላይ ዱካ አውጥተው ተቀምጠው አንድ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ይተክላሉ።

«እትዬ፣ የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት። ቤትዎ ተርፏል። ማንም አይነካዎትም። ዛሬውኑ ይመለሱ።»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ሰው አለበት?»

«ጠዋት ስወጣ ሠላሳ አንድ ሰው ነበር።»

«ስለ እኔ የጠየቀ አለ?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ስንቱን ስዋሽ ኖሬ ያን ቀን ግን አልመጣልኝም።

«በል ተመለስ» አሉ። «ስትገባ በሩን ዝጋላቸው። ብርድ ይመታቸዋል።»

ተመልሼ በሩን ዘጋሁት። ከውስጥ።